ሾርባና ሶስን ማወፈር፦ ሳይጓጉል፣ ሳያርር፣ መልሶ ሳይቀጥን

ሶሱ ቀጥኗል። አንድ ማንኪያ ዱቄት ይጨመራል፤ ለውጥ የለም። ሌላ ይደገማል፤ አሁንም ያው ነው። ሦስተኛው ከገባ በኋላ ድስቱ መፍላት ይጀምርና ሁሉም ባንዴ እንደ ሊጥ ይጠጥራል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ጎድሎ የነበረው ግን ዱቄት ሳይሆን ሙቀት ነው።

ዱቄትም ሆነ ስታርች (ከበቆሎ፣ ከድንች ወይም ከካሳቫ የሚወጣ የላመ ነጭ ማወፈሪያ) ቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ አያወፍርም፤ ታች ይዘቅጣል። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ቅንጣቶቹ ውሃ እየጠጡ ማበጥ ይጀምራሉ። የበቆሎ ስታርች ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳየው ደግሞ ፈሳሹ ሊፈላ ሲል፣ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ድስቱ ሳይፈላ "አልወፈረም" ብላችሁ ምንም አትጨምሩ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሕግ ላይ የቆመ ነው።

## 1. እሳት ከመለኮሱ በፊት

ፈሳሹን ለኩ። እዚህ የምሰጠው ልክ ሁሉ ለ1 ኩባያ፣ ማለትም ለ240 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ነው። ድስቱ ውስጥ ሥጋ ወይም አትክልት ካለ የሚቆጠረው ፈሳሹ ብቻ ነው። 4 ኩባያ የሚይዝ ድስት ሞላ ማለት 4 ኩባያ ፈሳሽ አለ ማለት አይደለም።

ማንኪያውን ልሙጥ አድርጉ። ዱቄቱን ቅዱና ላዩን በቢላ ጀርባ ጥረጉት። የተቆለለ ማንኪያ የልሙጡን እጥፍ ሊይዝ ይችላል። "በልኩ ነው ያደረግኩት፣ ግን ጠጠረ" የሚያሰኘው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

እቃውን አቅርቡ። መቀመጫው ወፍራም የሆነ ድስት፣ የሽቦ መምቻ፣ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን፣ ማጥለያ። ማጥለያውን አስቀድማችሁ አውጡት። ሶሱ ከጓጎለ በኋላ መሳቢያ መፈተሽ አይመችም።

ግማሽ ኩባያ ትኩስ መረቅ ወይም ውሃ በጎን አስቀምጡ። ከልክ በላይ ከወፈረ ማቅጠኛችሁ እሱ ነው።

ጨዉን አትጨርሱ። አሁን ቀለል አድርጉት። የመጨረሻው ጨው የሚገባው ከወፈረ በኋላ ነው።

ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት ቅዱ። ዘይት የበዛበት ሶስ ስታርች ቢገባበትም ላዩ ላይ ዘይት ይዞ ይቀራል፤ ስታርቹ አያጠፋውም።

አንድ ነገር አደራ፦ የበቆሎ ዱቄትና የበቆሎ ስታርች አንድ አይደሉም። ስታርቹ ነጭ ነው፣ እጅግ የላመ ነው፣ በጣት ሲታሽ ሲጥ ሲጥ ይላል። ዱቄቱ ከጠቅላላው እህል ስለሚፈጭ ሻከር ይላል። ስታርች በሚገባበት ቦታ ዱቄቱን ካስገባችሁ ሶሱ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ የበቆሎ ጣዕሙም አይጠፋም።

## 2. የትኛውን ማወፈሪያ?

ምግቡ ሊቀርብ ጥቂት ደቂቃ ከቀረው የበቆሎ ስታርች ያዙ። ፈጣን ነው፣ ሶሱንም ያንጸባርቃል። ወተት ያለበትና ረጋ ብሎ የሚበስል ሶስ ከሆነ የስንዴ ዱቄት በቅቤ አቁላሉ። ፈሳሹ ጣዕም ያለው ሆኖ በዝቶ ከሆነ ደግሞ ምንም አትጨምሩ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ ውሃው እስኪመጥ ጠብቁ። ጀማሪ ከሆናችሁ በስታርች ጀምሩ። ሲበላሽም ለማረም ቀላሉ እሱ ነው።

የድንች ስታርችና የካሳቫ ስታርች ከበቆሎው ዝቅ ባለ ሙቀት ይወፍራሉ። ረጅም መፍላት ግን አይችሉም፤ መጨረሻ ላይ አስገቧቸውና እንደወፈሩ እሳቱን አጥፉ።

## 3. በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ ስታርች

ልኩ ለ1 ኩባያ ፈሳሽ፦

- ለስስ ሾርባ 1 የሻይ ማንኪያ
- በቀላሉ ለሚፈስ ሶስ 2 የሻይ ማንኪያ
- ማንኪያ ላይ ለሚቆይ ወፍራም ሶስ 1 የሾርባ ማንኪያ

የስንዴ ዱቄት ከሆነ የዚህን እጥፍ ያስፈልጋል፤ የስታርች ጉልበት ከዱቄት በግምት ሁለት እጥፍ ስለሆነ።

አንደኛ፣ በጥብጡ። ስታርቹን በትንሹ ሳህን አድርጉ። እኩል መጠን ወይም እጥፍ የሚሆን ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩና ምንም ደረቅ ነገር እስከማይታይ ድረስ አማስሉ። ውሃው ቀዝቃዛ መሆኑ ግዴታ ነው። ደረቅ ስታርች ትኩስ ነገር ሲነካው ውጪው ወዲያው ያብጥና ይለጠፋል፤ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ጓጎለ የምንለው ይህንን ነው። ከድስቱ ትኩስ መረቅ ቀድቶ በእሱ መበጥበጥም ያው ነው፣ ይጓጉላል።

ሁለተኛ፣ ድስቱን አንተክትኩት። ፈሳሹ ለስለስ ብሎ መፍላት አለበት። ገና ለብ ባለ ድስት ላይ ካፈሰሳችሁ ስታርቹ ታች ይወርድና መቀመጫው ላይ ይይዛል።

ሦስተኛ፣ እንደገና በጥብጡ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል። ስታርች ሁለት ደቂቃ ከቆመ ይዘቅጣል። ሳታማስሉ ብታፈሱ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ነጭ ውሃ ብቻ ነው፤ ዋናው ነገር ሳህኑ ታች ተጋግሮ ይቀራል።

አራተኛ፣ በቀጭኑ አፍስሱ። በአንድ እጅ እያፈሰሳችሁ በሌላው ምቱ። መጀመሪያ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አስገቡ። የቀረውን ያዙት።

አምስተኛ፣ እስኪፈላ ጠብቁ፣ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ፈሳሹ በመጀመሪያ ነጣ ብሎ ደብዘዝ ይላል። ከዚያ ይጠራና መልሶ ያንጸባርቃል። ስታርቹ መብሰሉን የሚነግራችሁ ይህ ነው። ደብዛዛ እያለ ብታወጡት የጥሬ ዱቄት ጣዕም ይኖረዋል፣ ቆይቶም ይቀጥናል።

ስድስተኛ፣ ፈትኑ። የእንጨት ማንኪያ ነክራችሁ አውጡ፣ ጀርባው ላይ በጣት መስመር አስምሩ። መስመሩ ሳይሞላ ከቆየ ደርሷል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ፍሪጅ ውስጥ በቆየ ሳህን ላይ አንድ ማንኪያ አፍስሱና 1 ደቂቃ ጠብቁ። ሶስ ሲበርድ የበለጠ ይወፍራል። ድስቱ ውስጥ እያለ የምትፈልጉትን ያህል ከወፈረ ማዕድ ላይ ሲደርስ በዝቶበታል ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ ትንሽ ቀጠን ሲል ነው የማወጣው።

ሰባተኛ፣ አጥፉና ተዉት። ከወፈረ በኋላ ደጋግሞ መምታትም ሆነ ለረጅም ጊዜ ማፍላት ያበጡትን ቅንጣቶች ይሰባብራል፤ ሶሱ መልሶ ይቀጥናል።

*ስለ ሎሚና አቼቶ፦* አሲድ ስታርችን ይሰብራል፣ በተለይ አብሮ ሲፈላ። ሎሚና አቼቶ የሚጨመሩት ሶሱ ከወፈረና እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ቲማቲም ያለበት ሶስ ከሆነ አሲዱን መለየት አይቻልም፤ ቲማቲሙ አስቀድሞ በደንብ ይብሰል፣ ስታርቹ መጨረሻ ላይ ይግባና ከ1 ደቂቃ በላይ አይፍላ።

*ስለ መቅመስ፦* የቀመሳችሁበትን ማንኪያ መልሳችሁ ድስቱ ውስጥ አታስገቡ። ንጽህናው እንዳለ ሆኖ፣ ምራቅ ውስጥ ስታርችን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ። ለነገ በሚቀመጥ ክሬም ወይም ሶስ ላይ ጉዳቱ ሊታይ ይችላል።

## 4. ዱቄት በቅቤ

ለ1 ኩባያ ፈሳሽ 1 የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ቀጠን ያለ፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ደግሞ ወፍራም ሶስ ይሰጣል። ቅቤ ወይም ዘይት ከዱቄቱ እኩል ይሁን። ቅባቱ እያንዳንዱን የዱቄት ቅንጣት ለብሶ ስለሚለያየው ነው የማይጓጉለው።

1. ቅቤውን በመካከለኛ እሳት አቅልጡ። አይቃጠል፣ አይጥቆር።
2. ዱቄቱን ባንዴ ጨምሩና አማስሉ። እርጥብ አሸዋ ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ አረፋ ያወጣል።
3. ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አቁላሉ። የጥሬ ዱቄት ሽታው መጥፋት አለበት። ለነጭ ሶስ ቀለሙ ሳይቀየር አቁሙ። ቡናማ እስኪሆን ካቆያችሁት ጣዕሙ ደስ ይላል፣ የማወፈር ጉልበቱ ግን ይቀንሳል፤ ያኔ ዱቄቱን ትንሽ ጨመር አድርጉ።
4. ድስቱን ለአፍታ ከእሳት አንሱ። ፈሳሹን መጀመሪያ ሩብ ኩባያ ያህል ብቻ ጨምሩና በኃይል ምቱ። ጥቅጥቅ ያለ ለጥፍ ይሆናል። ይህን አይታችሁ አትደንግጡ፤ መሆን ያለበት ነው።
5. ለጥፉ ልሙጥ ከሆነ በኋላ ሌላ ሩብ ጨምሩ፣ ምቱ። ልሙጥ ሳይሆን ቀጣዩን አታፍስሱ። ግማሹ ከገባ በኋላ የቀረውን ባንዴ መልቀቅ ይቻላል።
6. ወደ እሳት መልሱት። እያማሰላችሁ አፍሉት፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሳችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አንተክትኩት። ዱቄት እንደ ስታርች በ1 ደቂቃ አይበስልም። ቸኩለው ሲያወጡት ምላስ ላይ ዱቄት ዱቄት የሚለው ለዚህ ነው።

ወተት ከሆነ የድስቱን ጥግና መቀመጫ በእንጨት ማንኪያ እየዳሰሳችሁ አማስሉ። ማረር የሚጀምረው መምቻው በማይደርስበት ጥግ ነው።

ሶሱ አልቆ፣ ሊቀርብ ሲል ቀጥኖ ብታገኙትስ? 1 የሾርባ ማንኪያ የለሰለሰ የገበታ ቅቤ ከ1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጋር በሹካ ለውሱ። ከዚያ እየቆነጠራችሁ የሚንተከተክ ድስት ውስጥ ጣሉና ምቱ። ቅቤው ሲቀልጥ ዱቄቱ ቀስ እያለ ይለቀቃል፣ አይጓጉልም። ቢያንስ 5 ደቂቃ ይንተክተክ።

## 5. ያለ ዱቄት ማወፈር

ውሃውን ማስመጠጥ። ሰፊ ድስት ወይም መጥበሻ ያዙ። ክዳን አይኑር። ጠባብና ጥልቅ ድስት ላይ እንፋሎቱ የሚወጣበት ገጽ ስለሚያንስ ሰዓቱ ይረዝማል። ሲጀመር የእንጨት ማንኪያውን እጀታ ቀጥ አድርጋችሁ ፈሳሹ ውስጥ ንከሩና የደረሰበትን ምልክት አድርጉ። በየጊዜው እየነከራችሁ ማየት ከግምት ያድናል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። 2 ኩባያ ወደ 1 ኩባያ ሲወርድ ጨዉ በእጥፍ ይጎላል፤ አስቀድሞ ጨው የጠገበ መረቅ በዚህ መንገድ አይሞከርም። ሁለተኛው፣ ውስጡ ምንም የሌለው ቀጭን ፈሳሽ ቢመጥም አይወፍርም። ከአጥንት የወጣ መረቅ፣ ክሬም፣ የተፈጨ ቲማቲም ይወፍራል። በውሃና በጨው የተሠራ ስስ መረቅ ግን ዝም ብሎ ያንሳል፣ ይበልጥም ጨዋማ ይሆናል።

ከራሱ ፈጭቶ መመለስ። ለአትክልት፣ ለምስርና ለባቄላ ሾርባ ከዚህ የተሻለ የለም። ከበሰለው አንድ ሦስተኛውን አውጥታችሁ ፍጩና መልሱት። ድንች ከሆነ ብሌንደር ውስጥ አታስገቡት፤ ስታርቹ ይለቀቅና ሙጫ ይሆናል። በሹካ ወይም በድንች መጨፍለቂያ ጨፍልቁት።

ጥንቃቄ፦ ትኩስ ነገር በተዘጋ ብሌንደር ውስጥ ሲመታ እንፋሎቱ ክዳኑን ገፍቶ ሊወረውረው ይችላል፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል። ብሌንደሩን ከግማሽ በታች ብቻ ሙሉት። የክዳኑን መሃል ቀዳዳ ክፈቱ፣ ታጥፎ የተደራረበ ፎጣ ጣል አድርጉበት፣ ከዝቅተኛው ፍጥነት ጀምሩ።

## 6. የእንቁላል አስኳልና እርጎ

እነዚህ ሁለቱ ችኮላ አይወዱም።

አስኳል። ለ1 ኩባያ ፈሳሽ 2 አስኳል በቂ ነው። አስኳሉን በሳህን ምቱ። ከድስቱ አንድ ጭልፋ ትኩስ ፈሳሽ ቀድታችሁ በጠብታ እያፈሰሳችሁ ምቱ። ሌላ ጭልፋ ድገሙ። አስኳሉ ሲሞቅ ያኔ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሱ። እሳቱ ዝቅ ያለ ይሁን፣ ማንኪያው አይቁም። ዱቄት ወይም ስታርች የሌለበት ከሆነ መፍላት የለበትም፤ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ይወፍራል፣ 85 ካለፈ ይቆራረጣል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የማንኪያ ጀርባ ፈተናውን ተጠቀሙ፤ መስመሩ እንደቆየ ወዲያው ወደ ሌላ እቃ ገልብጡት። ድስቱ ራሱ ትኩስ ስለሆነ እሳቱን አጥፍቶ ብቻ መተው አይበቃም።

አስኳልና ስታርች አብረው ሲገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ መፍላት አለበት፣ ቢያንስ 1 ደቂቃ። ስታርቹ እንቁላሉን ከመቆራረጥ ይጠብቀዋል። ጥሬ አስኳል ውስጥ ደግሞ ስታርች የሚያፈርስ ኢንዛይም አለ፤ በሙቀት ካልጠፋ ማታ ግጥም ብሎ የረጋው ክሬም ጠዋት ውሃ ሆኖ ይገኛል።

እርጎ። ስቡ ያልወጣለትን ምረጡ። ከፍሪጅ አውጥታችሁ ቅዝቃዜው ይልቀቀው። ለ1 ኩባያ እርጎ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ ቀላቅሉበት። ከዚያ እንደ አስኳሉ በትኩስ ፈሳሽ ቀስ በቀስ አሙቁትና በዝቅተኛ እሳት ጨምሩት። ስታርች ካልገባበት እሳት ከጠፋ በኋላ ብቻ ጨምሩ፣ ዳግመኛም አታፍሉት።

## 7. ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ጓጎለ። ይበልጥ በማፍላት አይሟሟም፤ ይጠነክራል። ከእሳት አንሱ፣ በማጥለያ አሳልፉ፣ በጭልፋ ጀርባ እየገፋችሁ ፈሳሹን አውጡ። የቀረውን ጣሉት። ሥጋና አትክልት ካለበት አስቀድማችሁ ለብቻ አውጡ። ካጠለላችሁ በኋላ መልሳችሁ አፍሉና እዩ። ከማወፈሪያው ከፊሉ ስለተጣለ ሊቀጥን ይችላል። ያኔ የመጀመሪያውን ልክ ግማሽ በጥብጣችሁ ጨምሩ።

አልወፈረም። ከመጨመራችሁ በፊት በቅደም ተከተል ጠይቁ። ፈልቷል ወይ? ስታርቹን ከማፍሰሳችሁ በፊት ዳግም በጥብጣችሁታል ወይ? ሎሚ ወይም አቼቶ ቀድሞ ገብቷል ወይ? ሁሉም ትክክል ከሆነ የያዛችሁትን አንድ ሦስተኛ አስገቡ። እንደገና አፍሉ። ሳታዩ ሌላ አትጨምሩ።

ወፍሮ ነበር፣ መልሶ ቀጠነ። ወይ ብዙ ፈልቷል፣ ወይ ብዙ ተመትቷል፣ ወይ አሲድ አብሮት ፈልቷል። የተሰበረው ስታርች አይመለስም። አዲስ በጥብጡ፣ በግማሽ ልክ። አሁን ግን 1 ደቂቃ ብቻ አፍልታችሁ አጥፉ።

ጠጠረ። በጎን ያስቀመጣችሁትን ትኩስ መረቅ በሾርባ ማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩና ምቱ። ባንዴ ግማሽ ኩባያ ከደፋችሁ ወደ ቀጭኑ ትመለሳላችሁ። በመጨረሻም ጨዉን ቅመሱ፤ ሳስቷል።

ዱቄት ዱቄት ይላል። አልበሰለም። እሳቱን ቀንሱ፣ ጥቂት ፈሳሽ ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ አንተክትኩ። ቅመም ጨምሮ ለመሸፈን አትሞክሩ።

ታች አረረ። አትፋቁት። ማንኪያ ሳታስገቡ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ቅመሱ። የማረር ጣዕሙ ከገባበት ምንም አያወጣውም፤ ሌላ ማብሰል ነው።

እንቁላሉ ተቆራረጠ። ገና ጥቃቅን ፍሬዎች ብቻ ከሆኑ ወዲያው ቀዝቃዛ ሳህን ውስጥ ገልብጡ፣ በኃይል ምቱ፣ አጥልሉ። ትልልቅ ቁርጥራጭ ሆኖ ውሃው ከተለየ ግን አይድንም።

እርጎው ተለያየ። ለመብላት ችግር የለውም፣ መልኩ ነው የሚከፋው። ድስቱን ከእሳት አውጥታችሁ ጥቂት ፈሳሽ ቀንሱለት፤ በ1 የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ስታርች በዝቅተኛ እሳት መልሶ ማያያዝ ይሞከራል። ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ይሻሻላል።

## 8. የተረፈውን ማስቀመጥ

ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ሰፋ ባለ እቃ ገልብጡት፣ ቶሎ ይበርዳል። ላዩ ላይ ቆዳ እንዳይሠራ ፕላስቲክ ወይም የቅባት ወረቀት ሶሱን እንዲነካ አድርጋችሁ ልበጡት።

ስታርች ያለበት ሶስ ፍሪጅ ውስጥ ይጠጥራል። ይህ ብልሽት አይደለም። ስታሞቁት 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወይም ወተት ጨምሩ፣ በዝቅተኛ እሳት ጀምሩ፣ ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ።

ፍሪዘር ሌላ ጉዳይ ነው። በበቆሎ ስታርች ወይም በስንዴ ዱቄት የወፈረ ሶስ በረዶው ሲቀልጥ ውሃ ይተፋል፣ ስፖንጅ ስፖንጅ ይላል። ለፍሪዘር የምታበስሉ ከሆነ ሳታወፍሩት አስቀምጡ፤ በምትበሉት ቀን አሙቁና ያኔ አወፍሩ። አሁኑኑ መወፈር ካለበት የካሳቫ ስታርች ተጠቀሙ፤ ከሁለቱ ይልቅ በረዶን ይችላል።